ስድስት ጀማሪ፣ 16 ሳምንት፦ ከመጻፍ በፊት ማንበብ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

ዛሬ የፕሮግራሚንግ ክፍል ጀመርን። ስድስት ሰው ነው የያዝኩት። አንዷ አካውንታንት ናት፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዷ ነርስ፣ ሁለቱ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ሀያ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው እኔም እንደዛው። እኔን ሁሉም ቲቸር ይሉኛል፣ ጋሼ ራሳቸውም ሳይቀሩ፣ ኧረ ይተዉ ብላቸውም እምቢ አሉ።

እቅዱ 16 ሳምንት ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ረዘም ያለ ፕራክቲስ። እንዲደርሱ የምፈልገው ቦታ ግልጽ ነው፦ አንድ ቲም ውስጥ ጁኒየር ሆኖ ገብቶ፣ ራሱ ያልጻፈውን ኮድ ከፍቶ፣ ትንሽ ነገር አስተካክሎ፣ ሌላውን ሳያበላሽ ማስረከብ የሚችል ሰው። በቃ ይሄ ነው። በ16 ሳምንት ሲኒየር ይኮናል የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

ቋንቋው ፓይተን ነው፣ ጉይዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው። የመረጥኩት ለጀማሪ አይን ስለማይከብድ ነው፣ ቅንፍና ሴሚኮለን አይበዛበትም፣ ምን እንደሚል እያነበብክ ትገምታለህ።

ሳምንት 1፣ ሐሙስ

ሦስት ቀን ሙሉ ኢንስታል ስናደርግ አለቀ። የአንዱ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ፓይተን ተጭኗል፣ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) አሮጌውን ይጠራል ኤዲተሩ አዲሱን፣ ልጁ ደግሞ ላይብረሪውን (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ጭኜዋለሁ የለም ይለኛል ብሎ ሊያብድ ደረሰ። ጊዜ ስላጠረኝ "ይሄን ኮፒ አርገህ ለጥፈው" ብዬ አለፍኩት። ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ይሄን እዚህ የምጽፈው በኋላ እንደሚመጣብኝ ስለማውቅ ነው።

ሳምንት 2፣ አርብ

ቫሪያብል፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ)፣ ሊስት፣ ዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋ አጣምሮ የሚይዝ) ሁሉንም ነካን። እኔ ስክሪን ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ እየተከተሉ ይጽፋሉ፣ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ሳምንት 3፣ ማክሰኞ

ደስታው ዛሬ አለቀ። "የስም ዝርዝር ያለበት ፋይል አንብባችሁ ስንቱ ሁለቴ እንደተጻፈ ቁጠሩ" አልኩና ስክሪኔን ዘጋሁ። የምትከተለው ነገር ስታጣ እጅ ምን ያህል እንደሚደነዝዝ ዛሬ አየሁ። አርባ ደቂቃ አለፈ፣ አንድም ሰው አልጨረሰም።

አካውንታንቷ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ኮዷ ልክ ሊሆን አንድ ነገር ነው የቀራት። ራን አደረገችው፣ ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ አይኗን ሳታሳርፍበት ስክሪኑን አጸዳችውና ወደ ኮዷ ተመልሳ አንድ መስመር መቀያየር ጀመረች።

"ምን አለሽ?" አልኳት።
"ኤረር ነው ቲቸር።"
"እኮ ምን ይላል?"
"አላነበብኩትም። ቀይ ነው።"

እንደገና ራን አስደረኳት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። መጨረሻ ላይ ያለው መስመር ኪይ ኤረር ይልና ቀጥሎ አንድ ስም ያሳያል። ዲክሽነሪው ውስጥ ገና ያልገባ ስም ላይ አንድ ልትደምር ስትሞክር ነው የተቆጣባት። ስሙንም ይነግራታል የመስመሩን ቁጥርም ይነግራታል። "እንዴ፣ እየነገረኝ ነበር እኮ!" አለች። በሁለት ደቂቃ አስተካከለችው።

ሌሎቹንም ዞሬ ጠየኳቸው፣ ስድስቱም ያው ናቸው። አንዳቸውም ኤረሩን አያነቡም። ቀዩን ነገር እንደ ስድብ ነው የሚያዩት፣ ቶሎ ከፊታቸው እንዲጠፋ ነው የሚፈልጉት።

ሳምንት 3፣ ረቡዕ

ዛሬ አዲስ ነገር አላስተማርኩም፣ ማታውን ሙሉ ኤረር ስናነብ አመሸን። አስር የተበላሹ አጫጭር ፕሮግራሞች አዘጋጅቼ መጣሁ፣ ደንቡ አንድ ነው፦ ኪቦርድ መንካት ክልክል፣ መጀመሪያ ኤረሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የፓይተን ትሬስባክ (ኤረር ሲመጣ የሚወጣው ረዥም ጽሑፍ) ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፣ የመጨረሻው መስመር ምን እንደሆነ ይነግርሃል፣ ከሱ በላይ ያለው የት እንደሆነ፣ እየወጣህ ስትሄድ ማን ማንን ጠርቶ እዛ እንደተደረሰ። ሲያዩት ረዥም ነው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልግህ የመጨረሻው መስመርና የራስህ ፋይል ስም ያለበት መስመር ነው፣ መሀል ላይ ያለው የላይብረሪው ጉዳይ ነው።

አሥረኛው ላይ ሲደርሱ እየተሻሙ ነበር።

ሳምንት 4፣ ሰኞ

እቅዱን ቀየርኩት። ሌሊቱን ሳስብበት ነው ያደርኩት። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 ላይ ኮድ ከሚጻፍበት ይልቅ የሚነበብበት ጊዜ ይበዛል የሚል ሐሳብ አለ፣ ስንት ዓመት ሳነበው ኖሬ ትምህርቱን ግን በተገላቢጦሽ ነው የሠራሁት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጽፉ እንጂ አንዲት ቀን ሲያነቡ አላየኋቸውም። ሥራ ቦታ ደግሞ ጁኒየርን ባዶ ፋይል የሚሰጠው የለም። የሚሰጠው የቆየ፣ ጻፊው የለቀቀ፣ ዶክዩመንቴሽን የሌለው ኮድ ነው።

ስለዚህ ከዓመታት በፊት ራሴ የጻፍኩትን የቤተ መጻሕፍት ማዋሻ ሲስተም አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሦስት ሺህ መስመር አካባቢ ነው፣ በፍላስክ (የድረ ገጽ መሥሪያ) እና በኤስኪውላይት (ዳታቤዝ) የተሠራ፣ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) የሌለው፣ የፈንክሽኖቹ ስም ግማሹ የማይገባ። ከዛሬ ጀምሮ የምንማረው ሁሉ እዚህ ኮድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይቀይሩ አንድ ሰው መጽሐፍ ሲዋስ ከሚጫነው አዝራር ተነስቶ ዳታቤዙ ድረስ ምን ምን ፋይል እንደሚነካ ወረቀት ላይ መሳል።

ሹፌሩ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። እንዴት አረከው ስለው "እኔ መጀመሪያ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ነው ያየሁት፣ መሀል ላይ ያለውን መታጠፊያ ስደርስበት አየዋለሁ" አለኝ። ኮሌጅ የጨረሱት ልጆች ግን ከመጀመሪያው ፋይል ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እንደ መጽሐፍ እያነበቡ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሴቲንግ ፋይል ላይ ቆዩ። ከዛሬ ጀምሮ የሹፌሩን ዘዴ ለሁሉም አስተምራለሁ።

ሳምንት 5፣ አርብ

ጊት፣ የኮድን የለውጥ ታሪክ መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ። ሳምንቱ ሙሉ ደህና ሄደ፣ ብራንች (የኮዱ የተለየ መስመር) መክፈት፣ ኮሚት ማድረግ (ለውጥን መዝግቦ ማስቀመጥ)፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን አይታችሁ ተቀበሉ የሚል ጥያቄ) መላክ ለመዱ፣ ዛሬ ግን አንዱ ልጅ ፑሽ (ሥራውን ወደ ሰርቨሩ መላክ) አልሄድ ሲለው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ፎርስ የሚለውን፣ በግድ የሚልከውን ትእዛዝ ተጠቀመና የነርሷን የሁለት ቀን ሥራ ከጋራ ብራንቹ ላይ አጠፋው። ልጁ ፊቱ ቀላ፣ እሷ ዝም አለች።

ሁሉም እጃቸውን ከኪቦርድ እንዲያነሱ አደረኩና ከመጠገናችን በፊት ጊት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኋቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ጊትን መሥራት ሲጀምር ለሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ነው፣ ዓለም ላይ ተበትነው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ሰርቨር ላይ ሳይንጠለጠሉ እንዲሠሩ ነው፣ ስለዚህ ኮዱን ክሎን ያደረገ (ወደ ራሱ ኮምፒውተር የቀዳ) ሰው ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዟል። ማለትም የጠፋው ሰርቨሩ ላይ ነው እንጂ የነርሷ ላፕቶፕ ላይ ኮሚቶቿ እንዳሉ ናቸው። ራሷ መልሳ ላከችው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኮሚቱ እሷም ጋ ባይኖር ኖሮ ሪፍሎግ እንዳለ አሳየኋቸው፣ ብራንቹ የት የት እንደነበረ በየኮምፒውተሩ መዝግቦ የሚይዝ ነው።

ልጁን ለብቻው ጠርቼ አነጋገርኩት። ምን እንደሚሠራ የማታውቀውን ትእዛዝ አትለጥፍ አልኩት፣ ስናገረው ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኮፒ አርገህ ለጥፍ ያልኩት ራሴ መሆኔ ትዝ አለኝ። የፊታችን ሰኞ ፓዝ ምን እንደሆነ ለሁሉም አስተምራለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ሳምንት 6፣ ረቡዕ

የዘገየ መጽሐፍ ቅጣት የሚያሰላውን ክፍል ለአካውንታንቷ ሰጥቻት ነበር። ዛሬ ተቆጥታ መጣች። "ቲቸር ይሄ ኮምፒውተር ሒሳብ አይችልም!" 0.1 እና 0.2 ስትደምር 0.30000000000000004 ይላታል። እኛ ለምደነው እናልፈዋለን፣ ለሷ ግን ሒሳብ አለመዝጋት ማለት ነው፣ ደብተሩ ላይ ይቺ ነጥብ ከየት መጣች ተብላ የምትጠየቅ ሰው ናት።

ላስረዳ ስነሳ ጋሼ "ፍቀድልኝ" ብለው ቦርዱን ያዙት። አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ጻፉ፣ 0.333 እያሉ ቦርዱ እስኪያልቅ። "ይሄን የሆነ ቦታ ላይ ቆርጠን ሦስት ጊዜ ብናባዛው አንድ ይመጣል?" አይመጣም። ከዛ አንድ አስረኛን ኮምፒውተር በሚቆጥርበት በሁለት መሠረት ጻፉት፣ 0.000110011 እያለ እሱም አያልቅም። ኮምፒውተሩ ቦታው ውስን ስለሆነ የሆነ ቦታ ይቆርጠዋል፣ የተረፈችው ነች መጨረሻ ላይ ብቅ የምትለው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ስለ ፍሎት (ኮምፒውተር ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚይዝበት መንገድ) ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፣ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

መፍትሔውን ራሷ አመጣችው፣ ብሩን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ስናሳይ ብቻ ለመቶ ማካፈል። ዴሲማል የሚባለውን፣ አስርዮሽን እንዳለ የሚይዘውንም አሳየኋት ግን የመረጠችው ሳንቲሙን ነው፣ ልክም ናት።

ሳምንት 7፣ ሐሙስ

ነርሷ አቆመች። የሌሊት ተረኛ ከሆነች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፣ ክፍል ትመጣለች ግን ኮሚት ካደረገች አሥር ቀን አልፏል፣ ይሄ ጊትሀብ (የጋራ ኮዳችን ያለበት ድረ ገጽ) ላይ ቁጭ ብሎ እየታየ አልጠየኳትም። መምጣቷን እንጂ እጇ መቆሙን አላየሁም። ደውዬላት ነበር፣ ቀጣይ ዙር እመጣለሁ አለችኝ። ከአሁን ወዲህ ለሦስት ቀን ኮሚት ያላደረገ ሰው ጋ በዛው ቀን እደውላለሁ።

ሳምንት 8፣ ማክሰኞ

ቴስት። ፓይቴስት የሚባለውን መሣሪያ ተጠቀምን። ማዋሻው ላይ መጽሐፍ ለ14 ቀን ነው የሚሰጠው፣ ኮዱ ግን በ14ኛው ቀን ሲመለስም ቅጣት ያስከፍላል፣ "ከበለጠ" መሆን ያለበት "ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ጻፊው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሚወድቅ ቴስት ጻፉ፣ ሲወድቅ አይታችሁ ከዛ አስተካክሉ አልኳቸው። አንዱ ልጅ ለ3 ቀንና ለ30 ቀን ጽፎ ሁለቱም አለፈለት፣ ችግር የለም አለ። 13፣ 14፣ 15 ብለህ ጻፍ አልኩት። ስህተት የሚደበቀው ድንበሩ ላይ ነው፣ መሀል ሜዳ ላይ አይደለም።

ሳምንት 9፣ ሰኞ እና ማክሰኞ

ኤስኪውኤል፣ ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ። አንዱ የኮሌጅ ልጅ የአንድ መጽሐፍ ርዕስ ሊያስተካክል አፕዴት (ቀይር) ብሎ ዌር (የትኛውን) የሚለውን ረሳው፣ የመጽሐፉ ሁሉ ርዕስ አንድ ሆነ። ኮፒ ላይ ስለሆነ ምንም አልጠፋም፣ ግን ስሜቱን እንዲያውቁት ፈልጌ ስለነበር አላዘንኩም። አሁን ደንባችን እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በዛው ዌር ሰለክት (አሳየኝ) ታደርጋለህ፣ ስንት ረድፍ እንደሚመጣ ትቆጥራለህ፣ ቢጊን ብለህ ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ መሰረዝ የሚቻል ሥራ) ትከፍታለህ፣ አፕዴት ታደርጋለህ፣ የተቀየረው ቁጥር ከቆጠርከው ጋ ካልገጠመ ሮልባክ፣ ሁሉንም ትሰርዛለህ።

ማክሰኞ ደግሞ ጋሼ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ያለበት ርዕስ ጽፈው 500 ኤረር (የሰርቨር ስህተት) አወጡ። ሎጉን (የሲስተሙን መዝገብ) ሲያነቡ ኩየሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ትእዛዝ) የተሠራው ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ እንዳለ በመቀጠል እንደሆነ አገኙት፣ ጥቅሷ ኩየሪውን መሀል ላይ ዘጋችው። "ታዲያ ከጥቅሷ በኋላ ሌላ ትእዛዝ ብጽፍስ?" አሉኝ። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽንን (በጽሑፍ ሳጥን በኩል ለዳታቤዙ ትእዛዝ ማስገባት) ስሙን ሳልነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት። ቀጥሎ ያለውን አንድ ሰዓት ሁሉንም ኩየሪ በፓራሜትር (የተጠቃሚው ጽሑፍ ከትእዛዙ ተለይቶ እንዲላክ) ቀየርነው።

ሳምንት 10፣ ቅዳሜ

ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው። ሹፌሩ የመጀመሪያውን ትልቅ ፑል ሪኩዌስት ላከ፣ እኔ ማታ ቁጭ ብዬ 41 ኮመንት ጻፍኩበት። ስም ቀይር፣ ክፍተት አስተካክል፣ ይሄ ፈንክሽን ረዘመ፣ ይሄ አያስፈልግም። ሁሉም ትክክል ነው። ልጁ ሁለት ቀን ጠፋ። ስደውልለት "ቲቸር እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ" አለኝ፣ ያንን ካርታ ከሁሉም ቀድሞ የሳለው ሰው!

ይቅርታ ጠየኩት፣ ሪቪውውንም ደግሜ ሠራሁት። ክፍተትና የመሳሰለውን ፎርማተር (የኮድ አጻጻፍን የሚያስተካክል ፕሮግራም) ይሥራው፣ ያ የሰው ሥራ አይደለም። ከቀረው ውስጥ ሦስቱን ብቻ መረጥኩ፣ የሚያበላሸውን፣ ለሚቀጥለው ሰው የማይገባውንና አንድ በጣም ጥሩ አርጎ የሠራውን። የሚስተካከለውንም በጥያቄ ጻፍኩት፣ "ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢመጣ እዚህ ጋ ምን ይሆናል?" እሱም ከሦስቱ ተነስቶ ሌሎች አምስት ራሱ አገኘ።

ሳምንት 11፣ ረቡዕ

ከሁለቱ ልጆች አንዱ በጣም ንጹሕ ኮድ አመጣ። ይቺ መስመር ምን ትሠራለች ስለው ዝም አለ። ኤአይ ነው የጻፈለት። ከለከልክ ወይ ካላችሁኝ አልከለከልኩም፣ ሥራ ላይ ሁሉም ሰው ይጠቀመዋልና ብከለክል ውሸት ነው የሚሆነው። ያልኩት ነገር አንድ ነው፣ ማስረዳት የማትችለው መስመር መርጅ አይሆንም (ከጋራው ኮድ ጋ አይቀላቀልም)፣ ማን ጻፈው ለኔ ለውጥ የለውም። ልጁ ማታውን መስመር በመስመር ሲያነበው አንድ ቦታ ላይ ዳታቤዙ ውስጥ የሌለ ኮለም (ዓምድ) ሲጠራ አገኘው። አሁን የኤአዩን ኮድ ልክ እንደማያውቀው ሰው ኮድ ነው የሚያነበው።

ሳምንት 12

ዲፕሎይ፣ ሥራውን ሰው እንዲጠቀምበት ሰርቨር ላይ ማውጣት። ሰርቨር፣ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ የሚቀመጥ ሴቲንግ)፣ ፓስዎርድ ኮድ ውስጥ አለማስቀመጥ። ተሠራ፣ የሚነገር ብዙ የለም።

ሳምንት 13፣ ሐሙስ

"አልሠራልኝም" የሚል መልእክት ከዛሬ ጀምሮ አልመልስም አልኳቸው። ሥራ ላይ ሲኒየሩ ጊዜ የለውም፣ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ሙያ ነው። ምን ልሠራ ነበር፣ ምን ጠበኩ፣ ምን ሆነ ከነኤረሩ፣ ምን ሞከርኩ፣ የት ላይ ነው የቆምኩት። ይሄ አምስቱ ካለ እመልሳለሁ። ከላኩት ጥያቄ ግማሹን ራሳቸው እየጻፉት ሳለ መለሱትና "ቲቸር ተወው አገኘሁት" አሉኝ።

ሳምንት 14፣ ቅዳሜ

የኢንተርቪው ልምምድ። አንድ ጓደኛዬ መጥቶ ጠያቂ ሆነልኝ፣ አያውቃቸውም። የማያውቁት አርባ መስመር ፈንክሽን ሰጣቸው፣ ሀያ አምስት ደቂቃ፣ ስህተቱን ፈልጉና አስተካክሉ። ከአምስቱ አራቱ ከመንካታቸው በፊት ምን ይገባበታል ምን ይወጣል ብለው ጠየቁ። አንደኛው ልጅ ደንግጦ ወዲያው መቀየር ጀመረና ጠፋበት፣ እሱን ሌላ ሦስት ጊዜ አለማምደዋለሁ።

ሳምንት 16፣ አርብ

ጨረስን። አምስት ደረሱ። አካውንታንቷ በጁኒየርነት ተቀጠረች፣ ሹፌሩ ለኢንተርንሺፕ ሁለተኛ ዙር ተጠርቷል፣ ጋሼ ማስተማር ነው የምፈልገው ብለው ቀጣዩን ዙር ከኔ ጋ ሊይዙ ነው፣ ሁለቱ ልጆች እያመለከቱ ነው። ነርሷም ተመዝግባለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጨመረ

አካውንታንቷ ዛሬ ደወለችልኝ። የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራ ጃቫስክሪፕት ነው፣ እኛ ያልነካነው ቋንቋ። ወርሃዊ ሪፖርቱ ላይ ወሩ አንድ ወደኋላ ቀርቶ ይወጣል። ጃቫስክሪፕት ወርን ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሥር ቀን ውስጥ ሲሠራ የቀን አያያዙ ከጃቫ የተቀዳ ነው፣ ስለዚህ የማርች ወር ቁጥሩ 3 ሳይሆን 2 ነው። አንድ መደመር ነው፣ አንድ መስመር። ሁለት ቀን ፈጀባት፣ ቀርፋፋ ናት ይሉኝ ይሆን ብላ ፈርታለች። ለሲኒየሯ ልትልክ የጻፈችውን አነበበችልኝ፦

"ሰላም፣ የወሩን ችግር አገኘሁት፣ ፈንክሽኗ ከዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር እንዳለ ነው የምትመልሰው። አንድ ልደምር ነበር ግን ሌሎች ሦስት ቦታዎች ይጠሯታል፣ ሁለቱ ራሳቸው አንድ ይደምራሉ፣ ስለዚህ ፈንክሽኗን ካስተካከልኩ እነሱ ይበላሻሉ። ሦስተኛው አይደምርም፣ የሱም ገጽ አሁን የተሳሳተ ወር እያሳየ ነው፣ አይቼዋለሁ። ሪፖርቱን ብቻ ላስተካክል ወይስ አራቱንም ባንድ ላይ? ለአራቱም ቴስት ጽፌያለሁ፣ ሁለቱ አሁን ይወድቃሉ።"

"ምን ልቀይር ቲቸር?" አለችኝ።

ምንም አትቀይሪ፣ እንዳለ ላኪው አልኳት።